አንድ መዝገብ ያልበቃው ሳይክ

ዳግላስ ሌናት እ.ኤ.አ. በ1984 ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ ሳይክ የተባለውን ሥራ ሲጀምር የተነሣው ማንም ሰው ሳይነገረው የሚያውቀውን ተራ ዕውቀት ለኮምፒውተር በሎጂክ ቋንቋ ለመጻፍ ነበር። እናት ከልጇ በዕድሜ እንደምትበልጥ፣ የሞተ ሰው ገበያ እንደማይወጣ ማሽኑ ማወቅ ነበረበት። እንዲህ ያለው ጽሑፍ፣ ማለትም በዓለም ላይ ምን እንዳለና ምን ከምን እንደሚዛመድ የሚደነግገው፣ ኦንቶሎጂ ይባላል። ያኔ የታሰበው ሁሉም ነገር እርስ በርሱ በማይጋጭ አንድ መዝገብ እንዲሰፍር ነበር። ሐሳቡ የከሸፈው በጸሐፊዎቹ ስንፍና አይደለም፤ ዕውቀት ራሱ እንደዚያ ስላልተሠራ ነው። ድራኩላ ቫምፓየር ነው፤ ቫምፓየር የሚባል ፍጡር ግን የለም። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ አንዱ በልብ ወለዱ፣ ሌላው በገሃዱ ዓለም። በተለመደው ሎጂክ ደግሞ ከአንድ ቅራኔ የፈለጉትን ሁሉ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ስለዚህ አንዲት ግጭት መዝገቡን በሙሉ ታበላሻለች። መዝገቡ በሰፋ ቁጥር ይህ አደጋ ይብሳል።

መውጫው የተገኘው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው ጆን ማካርቲ አጥብቆ ካነሣው የዐውድ ጥያቄ ነው፦ አንድ አባባል እውነት የሚሆነው የት፣ መቼና በማን ግምት ነው? በሳይክ የሠራው አር. ቪ. ጉሃ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1991 በስታንፎርድ የዶክትሬት ጥናቱ በሎጂክ ቀረጸው። ሳይክም ማይክሮቲዎሪ በሚባሉ ክፍሎች ተደራጀ። እያንዳንዱ ክፍል በውስጡ እንዳይጋጭ ይጠበቃል፤ ከጎረቤቱ ጋር ግን ላይስማማ ይችላል። ይበልጥ ጠቅላላ የሆነው ክፍል ያለውን ይበልጥ ዝርዝር ለሆነው ያወርሳል።

ይህ ቅራኔን መሸሸግ አይደለምን? ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የሚጋጩ ነገሮችን ይዞ በሰላም የሚኖር ሥርዓት ስለ አንድ ዓለም ይናገራል ማለት ያስቸግራል። ነገር ግን የተሸሸገው ነገር የነበረው በቀድሞው መዝገብ ነው፤ የእያንዳንዱ አባባል ጊዜና ግምት እዚያ አልተጻፈም ነበር። መከፋፈሉ እነዚህን አደባባይ አወጣቸው። ይህ ዋጋ ያስከፍላል፦ ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ነገር ቦታ መምረጥ አለበት፤ ከአንዱ ክፍል የተገኘ ድምዳሜም ወደ ሌላው የሚሻገረው ውርስ ወይም የተጻፈ ደንብ ካለ ብቻ ነው። ይህ ልፋት ተገቢ ነው፤ ያለ ደንብ የሚሻገር ድምዳሜ ካልተፈተነ ግምት አይሻልም። አንድነቱም አልጠፋም፤ ክፍሎቹ ሁሉ በጋራ ቃላት ይጽፋሉ፣ ከጋራ መሠረትም ይወርሳሉ። ሌናት እ.ኤ.አ. በ2023 አረፈ፤ ሳይክ ግን በማይክሮቲዎሪ እንደተደራጀ ነው።