በባቡር ጣቢያ ከተሞች የሕፃናት የበዓል አከባበር፤ አፍደምን ምሳሌ በማድረግ

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው አሮጌው የባቡር ሐዲድ አዋሽን ተሻግሮ አሰቦትንና ሚኤሶን ካለፈ በኋላ፥ ኤረር ሳይደርስ አፍደምን ያገኛል። አፍደም በደቡብ በኩል የጨርጨርን ተራሮች እያየ በቆላ ላይ የተቀመጠ ጣቢያ ነው። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው የሶማሌ ዒሳ ወገን ሲሆን ሃይማኖቱ እስልምና ነው፤ ኑሮውም በግመል፥ በፍየልና በከብት ላይ የቆመ ነው። ስፍራው ቀድሞ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ይቈጠር ነበር፤ ዛሬ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ አጭር ነው። ከደጋ ወርዶ እንደ አፍደም ባለ ጣቢያ ቤት የሠራ ክርስቲያን ቤተ ሰብ፥ ለትንንሽ ልጆቹ በዓልን በምን ያከብርላቸዋል? ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም በውስጡ ከባድ ነገር አለበት። በዓሎቻችን የተቀረጹት በደጋ አገር፥ በደጋ እህልና በደጋ አበባ ነው፤ የሚዘፈኑትም በክርስቲያን ጎረቤት ደጃፍ ነው። ታዲያ አበባውም፥ እህሉም፥ ጎረቤቱም ሲለወጥ በዓሉ ምን ይሆናል? ይህን ብናውቅ አንድ በዓል ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በየትኛው ክፍሉ እንደ ሆነ ለይተን ለመናገር እንችላለን።

መጀመሪያ ቤተ ሰቦቹን ወደ ቆላው ያወረደውን ነገር እንመልከት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለአልፍሬድ ኢልግ በውል የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በዚያም ገንዘብ አልቆ፥ መንግሥታትም ተከራክረው፥ ለብዙ ዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ስምምነት ተደርጎ ሥራው ከቀጠለ በኋላ ሐዲዱ በቆላው እየተጓዘ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ያሉት ጣቢያዎች፥ አፍደምም ጭምር፥ የዚህ የሁለተኛው ዘመን ሥራ ናቸው።

ባቡር ሲቆም ውሃ ይቀዳል፥ ጭነት ይወርዳል፥ ሐዲድ ይጠበቃል። ስለዚህ በየጣቢያው ሠራተኛ፥ ዘበኛና ነጋዴ መስፈር ነበረበት። ከእነዚህ መካከል ከሸዋና ከሌላውም ደጋ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። እነርሱ ሚስት አግብተው ልጅ ሲወልዱ፥ የልጁ አገር ከአባቱ አገር የተለየ ሆነ። አባት መስከረም ሲጠባ የሚያስታውሰው በአደይ አበባ የተሸፈነ ጋራ ነው፤ ልጁ ግን ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው ግራርና ሐዲድ ነው።

አሁን ወደ በዓሎቹ እንግባ። ብዙ ሰው በዓልን የሚቈጥረው በጸሎቱና በምግቡ ነው። እኛ ግን በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር እንወዳለን፤ ይኸውም እያንዳንዱ ታላቅ በዓል ለሕፃን ልጅ አንድ የተለየ ሥራ ማዘጋጀቱ ነው። በእንቁጣጣሽ፥ መስከረም 1 ቀን፥ ሴቶች ልጆች ለምለም ሣርና አደይ አበባ ይዘው አበባ አየሁሽ እያሉ ይዞራሉ፤ ወንዶች ልጆችም የመላእክትና የአበባ ሥዕል ሥለው ለዘመድና ለጎረቤት ያድላሉ። በመስቀል ዋዜማ፥ መስከረም 16 ቀን፥ ልጁ በቁመቱ ልክ የታሰረለትን ችቦ ይዞ ከአባቱ ኋላ ይሰለፋል። በገና፥ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ ጫፉ የቈለመመ እንጨት ይዞ ጥንግ ይመታል፤ በዚያ ቀን ጌታው በጨዋታ ቢመታ እንኳ በሎሌው አይቈጣም እየተባለ ይነገረዋል። በጥምቀት፥ ጥር 11 ቀን፥ አዲስ ልብሱን ለብሶ የተባረከውን ውሃ ይረጫል። ከፋሲካ በፊት በቀዳም ስዑር ቄሱ ያመጡትን ቀጤማ በራሱ ላይ ያስራል። በቡሄ፥ ነሐሴ 13 ቀን፥ ጅራፍ ያጮኻል፤ ሆያ ሆዬ ብሎም ሙልሙል ይቀበላል።

እንግዲህ ሕፃኑ በበዓሉ ተመልካች አይደለም። አዋቂው ሲጾምና ሲቀድስ፥ በዓሉን ከቤት ወደ ቤት ተሸክሞ የሚዞረው ልጁ ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህ የልጅ ጨዋታ እንጂ የሃይማኖት ነገር አይደለም ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሕፃኑን ከደጅ አታቆመውም። ወንዱን በአርባ፥ ሴቷን በሰማንያ ቀን ታጠምቃለች፤ በዚያው ቀንም ታቈርባለች። በየሰንበቱ ከሚቀርቡት ቈራቢዎች ብዙዎቹ ሕፃናት መሆናቸውን ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በቅዳሴው የተሰጠውን ስፍራ በደጃፍ ጨዋታም ማግኘቱ አያስደንቅም።

ይህን ከያዝን ዘንድ የቆላውን ኑሮ መመርመር እንችላለን። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎድለው አበባው ነው፤ አደይ የደጋና የወይና ደጋ አበባ እንጂ የሞቃት ቆላ አይደለምና። ሣሩ ግን አይጎድልም። በሲቲ ቆላ ሶማሌዎች ካራን የሚሉት ዝናብ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንብ ስለ ሆነ፥ ዘመን ሲለወጥ መሬቱ ለምልሞ ይገኛል። እንግዲህ የእንቁጣጣሽ ልጅ ቢጫው አበባ ቢያጣ እንኳ አረንጓዴው በእጁ ነው። ለመስቀል ችቦ የሚሆን ደረቅ እንጨት ቆላ አያጣም። የቡሄው ጅራፍ በደጋ ከልጥም ከቃጫም ይገመዳል፤ ቃጫ ደግሞ በደረቅ አገርም የሚበቅል ነው። የገናው እንጨትም ከማንኛውም ጠንካራ ዛፍ ይቈረጣል። በእጅ የሚያዘው ነገር ከአካባቢው ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

አስቸጋሪው እህሉ ነው። ሙልሙልም ድፎ ዳቦም ስንዴ ይፈልጋል፤ እንጀራም ጤፍ ይፈልጋል። ሁለቱም ከደጋ የሚመጡ ናቸው። እዚህ ላይ ባቡሩ ቤተ ሰቡን ከአገሩ እንደ ለየው ሁሉ፥ ያገሩን እህል መልሶ ሊያቀርብለት የሚችል መንገድም ሆነ። ከጨርጨር ደጋ የሚወርደው ገበያም አለ። የበዓል በግ ቢጠፋ ፍየል በደጃፍ ነው። በጥቅሉ ስናየው የቆላው እናት በዓሉን ለማክበር የሚያስፈልጋትን ዕቃ በጥረት ታገኘዋለች፤ ያልተገኘውንም በሌላ ትተካዋለች።

ይሁን እንጂ በገንዘብ የማይገዛ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጎረቤት ነው። አበባ አየሁሽና ሆያ ሆዬ ደጃፍ ይፈልጋሉ። ጥቂት ክርስቲያን ቤቶች ብቻ ባሉበት ጣቢያ ልጆቹ በአጭር ጊዜ ዞረው ይጨርሳሉ። ከዚህ በኋላ ምን ይደረጋል? መልሱን ከድሬዳዋና ከሐረር፥ እንዲሁም ከወሎ የተለመደ ኑሮ እናገኛለን። በእነዚህ አገሮች የክርስቲያኑን እርድ ሙስሊሙ፥ የሙስሊሙንም እርድ ክርስቲያኑ አይበላም። ስለዚህ የበዓሉ ወጥ ከደጃፍ አይወጣም። ዳቦው፥ ቈሎውና ቡናው ግን ይወጣል። በኢድም ቀን ተምሩና ጣፋጩ ወደ ክርስቲያኑ ቤት ይገባል። ሳሕኑን የሚያመላልሰው ማን ነው ቢባል፥ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። እናቱ ሳሕኑን በነጠላ ጨርቅ ሸፍና፥ «ይህን ለእማማ አድርስ፤ እንኳን አደረሳችሁ በል» ብላ ትልከዋለች። ሳሕኑም በባህላችን ባዶውን አይመለስም።

በዚህ መላላክ ውስጥ ሕፃኑ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛው ይህ በዓል የእኛ መሆኑን፤ ሁለተኛው ጎረቤታችን የራሱ በዓል ያለው መሆኑን። በደጋ አገር ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ስለሚያከብር ልጁ ሁለተኛውን ትምህርት ለመማር ብዙ ዕድል የለውም። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የእስልምና በዓሎች እንደ ክርስቲያኑ ሁሉ የአገር በዓል ሆነው ሥራና ትምህርት ይዘጋባቸዋል። በጣቢያ ከተማ ያደገ ልጅ ግን የጎረቤቱን በዓል ለማክበር የመንግሥት ዐዋጅ አላስፈለገውም።

የቀን መቍጠሪያውም ለጣቢያ ልጅ ትምህርት ነበር። በባቡሩ ሥራ ፈረንሳውያን ይገኙ ነበር፤ በድሬዳዋም ግሪኮች፥ አርመኖችና ጣልያኖች ነበሩ። የፈረንጆች ገና ታኅሣሥ 16 ቀን ሲውል የእኛ ገና 13 ቀን ቈይቶ ይመጣል። ጳጉሜን ስድስት ሆና ካለፈች ደግሞ በዘመነ ዮሐንስ የእኛ ገና ታኅሣሥ 28 ይሆናል። አንድ ልደት በሁለት ቀን መከበሩን ያየ ልጅ አባቱን ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም፤ አባትም ለመመለስ የባሕረ ሐሳብን ነገር ማስታወስ ግድ ይሆንበታል።

ከቤት ውጭ የሚደረገውንም ጕዞ መርሳት አይገባንም። ቤተ ክርስቲያን በሩቅ ለሆነችበት ቤተ ሰብ ባቡሩ የተሳላሚ መንገድ ነበር። ወደ ምዕራብ ቢሄድ በአሰቦት ተራራ ላይ ያለው ጥንታዊው ደብረ ወገግ ገዳም አለ። ወደ ምሥራቅ ቢወርድ ከድሬዳዋ ወደ ቍልቢ ገብርኤል ይወጣል። የቍልቢን ቤተ ክርስቲያን ራስ መኰንን ለአድዋ ዘመቻ ሲሄዱ ተስለው ከድል በኋላ እንዳሠሩት ይነገራል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፍበታል። ልጅ አጥታ የተሳለች እናት ስለቷ ሲሠምርላት ሕፃኑን ይዛ የምትመጣው፥ ብዙ ሕፃናትም የሚጠመቁት በዚሁ ዕለት ነው። እንደዚህ ያለው ልጅ ካደገ በኋላ በዓሉን የሚያውቀው የራሱ የልደት ታሪክ አድርጎ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ነገር ይህ ነው። በዓልን የሚያቆየው ዕቃው አይደለም፤ ለልጁ የተሰጠው ሥራ ነው። አበባው በሣር፥ በጉም በፍየል ቢተካ በዓሉ ይቆማል። ሥራው ከልጁ እጅ ከተወሰደ ግን አበባው ሞልቶ ተርፎም አይቆምም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ቆላው ሳይሆን ዛሬ የምንኖርበት ታላቁ ከተማ ነው። ችቦው ታስሮ ከገበያ ይገዛል፤ ሥዕሉ በማተሚያ ቤት ታትሞ ይመጣል፤ ሆያ ሆዬም በብዙ ሰፈር ከሙልሙል ይልቅ ብር የሚጠበቅበት ሆኗል። ትንሹ ልጅም ቤት ውስጥ ተቀምጦ በዓሉን በቴሌቪዥን ይመለከታል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆች የገና ዕለት ትምህርት ቤት ውለው ስለሚመለሱ ችግሩ ይጠናባቸዋል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፥ የጥምቀትም በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ዓለም የሚያየው የአደባባዩን ሰልፍ ነው። ሳሕን ይዞ ወደ ጎረቤት የሚሮጠውን ልጅ የሚመዘግበው የለም፤ እርሱን የሚጠብቀው ቤተ ሰቡ ብቻ ነው።

አሮጌው ሐዲድ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ባለው ክፍል ሥራውን አቁሟል፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቋል። በአሮጌው ባቡር ጊዜ በጣቢያዎቹ የኖሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቍጥራቸው እያነሰ ስለሚሄድ፥ ከእኛ መካከል የዚያ አገር ተወላጆች የሆኑት ወላጆቻቸውን ጠይቀው፥ በየቤቱ ምን በምን እንደ ተተካ፥ ልጁም ምን እንደ ታዘዘ ቢጽፉ ለአገር ታሪክ ታላቅ ጥቅም ይሰጣል።

ስለ ቡሄ በአፍ የሚነገረውን አንድ ትውፊት ጠቅሰን እንፈጽማለን። ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ በተራራው ዙሪያ የነበሩት እረኞች ልጆች ሌሊቱ ቀን መስሏቸው ወደ ቤታቸው ሳይገቡ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፥ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። የሙልሙሉና የችቦው መነሻ ይህ ከሆነ፥ በዓሉ ከመጀመሪያውም የተሠራው ከቤቱ ለራቀ ልጅ ነው። አገሩን ትቶ በአፍደም ቆላ ለልጁ ሙልሙል የጋገረ ቤተ ሰብ እንግዲህ አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ የጥንቱን ሥራ ቀጠለ እንጂ።