ሆድ ሳይከፈት፦ የላፓራስኮፒ ታሪክና የማኅበራችን ሒሳብ

በማኅበራችን የብድር መዝገብ ውስጥ «ለሕክምና» ተብለው ከተጻፉት ወጪዎች ብዙዎቹ የሆድ ኦፕራሲዮን ናቸው፤ ትርፍ አንጀት፣ የሐሞት ጠጠር፣ የማኅፀን ዕጢ፣ በኦፕራሲዮን መውለድ። ሒሳብ የምንይዘው እኛ የሐኪም ቤቱን፣ የመድኃኒቱንና የትራንስፖርቱን ደረሰኝ እየለጠፍን እንመዘግባለን። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ግን ደረሰኝ ስለሌለው መዝገብ አይገባም። ሆዷ ተከፍቶ የተሰፋላት ሴት ብዙውን ጊዜ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር እንዳታነሣ ትመከራለች። ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው። ስድስት ሳምንት ውሃ የሚቀዳላት፣ የሚጋግርላትና ገበያ የሚወጣላት ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ናት።

ስለዚህ «በቀዳዳ የሚሠራው ኦፕራሲዮን አለ ይባላል፣ ማኅበሩ ለእሱ ያበድራል ወይ?» የሚለው የአባላት ጥያቄ ሲመጣ፣ ከዋጋው በፊት ነገሩ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ማወቅ ፈለግን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በሐኪሞች ቋንቋ ላፓራስኮፒ ይባላል። በሽተኛዋ ሙሉ ማደንዘዣ ከወሰደች በኋላ እምብርት አጠገብ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይከፈትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶ ሆዷ ይነፋል። ካልተነፋ የሆድ ግድግዳ አንጀቱ ላይ ስለሚተኛ ማየትም መሥራትም አይቻልም። ከዚያ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ዘንግ ይገባል፣ ምስሉ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል፣ ሐኪሙም በሌሎች ትንንሽ ቀዳዳዎች ረጃጅም መሣሪያ አስገብቶ ቴሌቪዥኑን እያየ ይሠራል። ለሐሞት ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ይበቃል። ይህ ጋዝ የተመረጠው ስለማይቀጣጠልና ደም ውስጥ ቶሎ ሟምቶ በትንፋሽ ስለሚወጣ ነው። የታከመችው ሴት ሆዷን ትታ ትከሻዬን አመመኝ ብትል አትደንግጡ፤ የቀረው ጋዝ የሚያመጣው ነው፣ በጥቂት ቀናት ይተዋታል። ብዙዎች በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ወደ ቀላል ሥራቸው ይመለሳሉ።

የመጀመሪያዋ ታካሚ ውሻ ነበረች። በ1901 ጌኦርግ ኬሊንግ የተባሉ የድሬስደን ጀርመናዊ ሐኪም የአንዲት ውሻን ሆድ በአየር ነፍተው፣ የሽንት ፊኛ ለማየት በተሠራ መሣሪያ ውስጡን ለሐኪሞች ጉባኤ አሳዩ። በ1910 ስዊድናዊው ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤዩስ በሰው ላይ እንደሠሩት ጻፉ። ያኮቤዩስ የጀመሩት ሆዳቸው ውሃ በቋጠረ በሽተኞች ነበር፤ የውሃው ቦታ ለመሣሪያው መግቢያ ይሆናልና። ጋዝ ለማስገባት ዛሬም የሚያገለግለውን ባለ ስፕሪንግ መርፌ ደግሞ የሀንጋሪው ሐኪም ያኖሽ ቬሬሽ በ1930ዎቹ የሠሩት ለሆድ ሳይሆን የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችን ደረት ለመውጋት ነበር። መርፌው ክፍት ቦታ ሲደርስ የደነዘው ጫፉ ብቅ ስለሚል ውስጡን አይወጋም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ለእኛ ለሴቶች ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። አጠቃላይ ቀዶ ሐኪሞች ነገሩን ለብዙ ዘመን ችላ ሲሉት፣ ያቆዩት የሴቶች ሐኪሞች ናቸው። በፓሪስ ራውል ፓልመር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሴቶች አለመውለድ ከምን እንደሚመጣ ለማወቅ ይጠቀሙበት ነበር። በእንግሊዝ አገር ፓትሪክ ስቴፕቶ በዚሁ መንገድ ከእናትየዋ እንቁላል አውጥተው ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ሥራ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1978 ሉዊዝ ብራውን ተወለደች፤ ከማኅፀን ውጭ ከተፀነሱት ሕፃናት የመጀመሪያዋ ናት። በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል ይህን አገልግሎት የሚሰጥ ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ የተከፈተው በ2019 ነው። «መካን» ተብላ ከትዳሯ የወጣች ሴት በሰፈሯ ያላት አባል የአርባ ዓመቱን ልዩነት ያለ ሒሳብ ሠራተኛ ታሰላዋለች።

በ1980 ኩርት ዜም የተባሉ የኪል ከተማ የሴቶች ሐኪም ትርፍ አንጀትን በላፓራስኮፒ አወጡ። ምስጋና አላገኙም፤ ከሙያው ይታገዱ ብለው የጻፉባቸው ሁሉ ነበሩ። የሴቶች ሐኪም የቀዶ ሐኪሞችን አጥር መዝለሉ ይመስለናል ያስቆጣቸው። በ1985 ሌላው ጀርመናዊ ኤሪክ ሙሄ የሐሞት ከረጢትን በዚህ መንገድ ሲያወጡም የአገራቸው ባለሙያዎች አልተቀበሏቸውም፤ ክብር የሰጧቸው በ1992 ነው። በ1987 የሊዮኑ ፊሊፕ ሙሬ የአንዲት ሴትን የማኅፀን አካባቢ ችግር በላፓራስኮፒ ሲያክሙ በዚያው የሐሞት ከረጢቷን አወጡ፤ ሥራው ወደ ዓለም ሁሉ የተሠራጨው ከዚያ ወዲህ ነው። ሩጫው ግን ዋጋ አስከፍሏል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቂ ልምምድ ሳይኖራቸው የጀመሩ ሐኪሞች የሐሞት ቱቦ የመቁረጥ አደጋ አበዙ። ስለዚህ «አዲስ ነውና ይሻላል» የሚለውን ከማንም አንቀበልም፤ መጠየቅ ያለበት ሐኪሙ ስንት ጊዜ ሠርቶታል የሚለው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ላፓራስኮፒ ከመድረሱ በፊት ሆድ መክፈት ራሱ መድረስ ነበረበት። ከዓድዋ በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኛ ሊያክሙ መጡ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1960ዎቹ ተከፈቱ፤ በኤድንብራ የተማሩት ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ለዚህ ፋኩልቲ መቆም የደከሙ ናቸው። ለገጠር ግን ቀዶ ሐኪም አልተረፈም። በ2009 የጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ ማሠልጠን የተጀመረው ለዚህ ነው፤ የወረዳ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን እንዲያዋልድ፣ የተጠማዘዘ አንጀት እንዲፈታ። የዛሬ አንድ ትውልድ ከቢቸና ወይም ከሞጣ የተነሣ በሽተኛ በሰው ትከሻ፣ በቃሬዛ ነበር የሚጓዘው። ከዓባይ ማዶ ያለው ሰው ደግሞ ጣሊያን በገባ ጊዜ በፈረሰው ሰባራ ድልድይ ላይ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ዛሬ ቢቸና የመጀመሪያ ደረጃ፣ ሞጣ ጠቅላላ ሆስፒታል አላቸው።

ሕክምና በመንገድ ወደ እኛ እንደሚወርድ አይተናል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው በ1959 አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ የፊስቱላ ታማሚ ለዓመታት የነበራት ተስፋ ዋና ከተማው ብቻ ነበር። በ2005 የባሕር ዳሩ ማዕከል ሲከፈት የጎጃም ሴት መንገዷ በብዙ አጠረ።

ላፓራስኮፒስ? በአዲስ አበባ የመንግሥትም የግልም ሆስፒታሎች ይሠሩታል። ወደ ወረዳ ለመውረድ ግን ሙሉ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ የጋዝ ሲሊንደር መሙያ፣ መሣሪያውን የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። ይህን ለደጋፊዎቻችን በግልጽ እንናገራለን፤ ካሜራውና ቴሌቪዥኑ ብቻ ቢለገስ መጋዘን ያሞቃል። መውረዱ የማይቻል ግን አይደለም። በሞንጎሊያ፣ ከብት አርቢው በሰፊ ሜዳ ተበትኖ በሚኖርበት አገር፣ በ1994 ተጀምሮ ከዋና ከተማው ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ወርዷል። በህንድ ገጠር ደግሞ አንዳንድ ሐኪሞች ሆዱን በጋዝ ከመንፋት ይልቅ በመንጠልጠያ ወደ ላይ ስበው፣ በወገብ ማደንዘዣ ብቻ ይሠራሉ። ለእኛ ሆስፒታሎች የሚቀርበው ይህኛው ይመስለናል።

አንድ ነገር ግን በመዝገባችን ላይ በቀይ ቀለም እንዲጻፍ እንፈልጋለን። በደጋው አገራችን በብዛት የሚታየው የአንጀት መጠምዘዝ፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ ከማኅፀን ውጪ የተፀነሰ እርግዝና ፈንድቶ ደም ሲያፈስ፣ እነዚህ አዲስ አበባን አይጠብቁም። «በቀዳዳ ይሻላታል» ብሎ ቅርብ ያለውን ሆስፒታል አልፎ መሄድ መግደል ነው፤ እዚያው ሆዷ ይከፈት። ለላፓራስኮፒ መጓዝ የሚያዋጣው መጠበቅ ለሚችለው ነው፤ እየተመላለሰ የሚያም የሐሞት ጠጠር፣ በአልትራሳውንድ ታይቶ ቀጠሮ የተያዘለት የማኅፀን አካባቢ ዕጢ፣ አለመውለድን ለመመርመር።

በመሆኑም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መጠበቅ ለሚችል በሽታ ሪፈር የተጻፈላት አባል የሁለቱን ኦፕራሲዮን ዋጋ ጠይቃ ታምጣ። እኛ በሒሳቡ ላይ የትራንስፖርቱን፣ የአስታማሚውን ምግብና ማደሪያ፣ እንዲሁም ሳትሠራ የምትቆይባቸውን ቀናት በአካባቢው የቀን ሥራ ዋጋ አስልተን እንደምራለን። ድምሩ ለላፓራስኮፒ ካደላ ብድሩ ይሰጥ፤ በቅርቡ ላለው ካደላ ለቅርቡ፣ የልጅቷን ከትምህርት ቤት መቅረት ለማስቀረት ደግሞ ለስድስት ሳምንት ውሃ የምትቀዳ ሠራተኛ የሚቀጠርበት ገንዘብ ይጨመርበት። በድንገተኛ ሕመም ጊዜ ስሌት የለም፤ ገንዘብ ያዧ በዚያው ሰዓት ትከፍላለች። የስሌቱ ቅጽ በጽሕፈት ቤቱ ስላለ ከጉባኤው በፊት መጥታችሁ እንድታዩትና የጎደለውን እንድትነግሩን እንጠይቃለን።