በባትሪ ልክ የተሰፋ ቮልት

አንድ ኪሎቮልት 1,000 ቮልት ነው፤ አንድ ቮልት ደግሞ 1,000 ሚሊቮልት። ነጥቧን ወዲህና ወዲያ ማንቀሳቀስ የሚችል ተማሪ አይቸገርም። ራስ ያዞረው ስሌት ከዚህ በፊት የነበረው ነው፤ ቮልት ራሱ ስንት ይሁን የሚለው።

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1800 ነው። የዚንክና የብር ዝርግ ቁራጮችን ደራርቦ፣ በየመካከላቸው ጨው ውሃ የጠጣ ካርቶን አስገብቶ ነበር። ብርታቱን ከሚፈትንባቸው መንገዶች አንዱ የገዛ እጁ ነው፤ ጣቶቹን አርጥቦ ይነካዋል፣ ይነዝረዋል።

ቴሌግራፍ ሲስፋፋ ግን ንዝረት መለኪያ መሆኑ ቀረ። የዘመኑ አስተማማኝ ባትሪ እንግሊዛዊው ጆን ዳንኤል በ1836 የሠራው ነበር። መዳቡ በሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ውሃ፣ ዚንኩ በአሲድ ውስጥ ይቆማል፤ ሁለቱ ፈሳሾች እንዳይደባለቁ ዳንኤል መጀመሪያ የተጠቀመው በበሬ ጉሮሮ ነው። ኋላ ላይ የሸክላ ዕቃ ተተካ። መሐንዲሶችም የኤሌክትሪክ ግፊትን «ይህን ያህል ዳንኤል» እያሉ ይቆጥሩ ጀመር።

የፊዚክስ ሊቃውንት በዚህ አልረኩም። ሁሉም ነገር ከሴንቲሜትር፣ ከግራምና ከሰከንድ መመንጨት አለበት አሉ። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ የተገኘው መለኪያ ግን ከማነሱ የተነሣ አንድ የዳንኤል ባትሪ ብቻ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆነ! ይህን ይዞ ማን ሽቦ ይዘረጋል? በ1861 የተቋቋመው የብሪታንያ ኮሚቴ፣ ዊልያም ቶምሰንና ጄምስ ማክስዌል ያሉበት፣ ብልሃት ፈጠረ። ትንሿ መለኪያ በ100 ሚሊዮን ተባዝታ አንድ ቮልት ትሁን ተባለ። የዳንኤል ባትሪም 1.1 ቮልት ገደማ ሆኖ አረፈ። በ1881 የፓሪሱ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ይህንኑ አጸደቀ። ሳይንስ በቴሌግራፍ ሠራተኛ ልክ የሰፋው ልብስ ቢባል ማጋነን አይደለም።

በወረቀት የተጻፈውን በተግባር ማሳየት ሌላ ጣጣ ነበር። አገሮች ቮልትን በናሙና ባትሪዎች ጠብቀው ቆዩ፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን «ዓለም አቀፉ» ቮልት ከእውነተኛው በጥቂቱ በልጦ ተገኘ፤ 1.00034 ያህል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1948 ለውጥ ተደረገ። ከናሙናዎቹ አንዱ የሆነውና እስከዚያ ድረስ 1.0183 ቮልት ይባል የነበረው የዌስተን ባትሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ 1.01865 ገደማ ተባለ። ባትሪው ያው ነው፤ የተቀየረው ቁጥሩ ነው።

በ1962 የ22 ዓመቱ ብራያን ጆሴፍሰን የተነበየው ክስተት ባትሪዎቹን ከዚህ ሥራ ገላገላቸው። በዚሁ ክስተት መሠረት ቮልት አሁን እጅግ በቀዘቀዙ ጥቃቅን የብረት መጋጠሚያዎችና በማይክሮዌቭ ድግግሞሽ ይለካል። የመጨረሻው ማስተካከያ እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 2019 የተደረገው ሲሆን ከአሥር ሚሊዮን አንድ ያህል ነው። በኢትዮጵያ ቤቶች ባለው የ220 ቮልት ሶኬት ላይ ሲሰላ 23 ማይክሮቮልት ገደማ ይሆናል፤ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በኪሱ የሚይዘው መለኪያ አያየውም።