ኤምቢዲኤ፦ የአውሮፓው ሚሳኤል አምራች ባለቤትነትና ሽርክናዎች

ኤምቢዲኤ በአውሮፓ ትልቁ የሚሳኤል አምራች ነው። የተመሠረተው በ2001 መጨረሻ ሲሆን (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚገኘው ከፓሪስ ወጣ ብላ ባለችው በለ ፕሌሲ ሮቢንሶን ነው። አክሲዮኑ ለገበያ አይቀርብም፤ ባለቤቶቹ ሦስት ናቸው። ኤርባስና የብሪታንያው ቢኤኢ ሲስተምስ እያንዳንዳቸው 37.5 በመቶ፣ የጣሊያኑ ሊዮናርዶ ደግሞ 25 በመቶ ይዘዋል። ከእናት ኩባንያው ሥር በፈረንሳይ፣ በብሪታንያ፣ በጣሊያን፣ በጀርመንና በስፔን የየአገሩ ሕግ የሚገዛቸው ቅርንጫፍ ኩባንያዎች አሉ። ከእነዚህ ሥር ደግሞ ከሌሎች አምራቾች ጋር የተቋቋሙ የጋራ ኩባንያዎች ይገኛሉ። የምዝገባ ሰነዱን ብቻ ላገላበጠ ሰው ነገሩ የድርሻ ሒሳብ ይመስለዋል። ነገር ግን ሚሳኤሉን ማን ይግዛ፣ ማን ይከልከል የሚለውን የሚወስነው ባለአክሲዮኑ ሳይሆን ፋብሪካው የቆመበት አገር መንግሥት በመሆኑ፣ መቶኛው የሚናገረው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው።

አመሠራረት

የአውሮፓ መንግሥታት ሚሳኤልን በጋራ መሥራት የጀመሩት ከኤምቢዲኤ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በ1972 የፈረንሳዩ ኤሮስፓሲያልና የጀርመኑ ኤምቢቢ ዩሮሚሳይል የተባለ ማኅበር አቋቁመው ሚላንና ሆት የተባሉ ጸረ ታንክ ሚሳኤሎችን፣ እንዲሁም ሮላንድ የተባለውን ጸረ አውሮፕላን አቅርበዋል። ያ ሽርክና ግን በፕሮጀክት የተወሰነ ነበር፤ መሣሪያው በጋራ ይሠራል፣ ኩባንያዎቹ ግን ለየብቻ ይኖራሉ።

ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ የመከላከያ በጀት ተቆረጠ። ለአንድ አገር ጦር ብቻ አዲስ ሚሳኤል ነድፎ፣ ሞክሮና አምርቶ ወጪን መመለስ የማይቻል ሆነ። በ1996 የፈረንሳዩ ማትራና ብሪቲሽ ኤሮስፔስ የሚሳኤል ክፍሎቻቸውን አዋሕደው ማትራ ቢኤኢ ዳይናሚክስን በእኩል ድርሻ መሠረቱ። በ1998 በኋላ ሊዮናርዶ የተባለው የጣሊያኑ ፊንሜካኒካና የብሪታንያው ጂኢሲ ማርኮኒ እንዲሁ አሌኒያ ማርኮኒ ሲስተምስን አቋቋሙ። ቀጥሎ የተዋሐዱት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው። በ1999 ብሪቲሽ ኤሮስፔስ የማርኮኒን የመከላከያ ክፍል ጠቅልሎ ቢኤኢ ሲስተምስ ሆነ፤ በዚሁ ዓመት ኤሮስፓሲያልና ማትራ ተዋሐዱ፤ በ2000 ደግሞ የፈረንሳዩ፣ የጀርመኑና የስፔኑ ኩባንያዎች ተቀላቅለው በኋላ ኤርባስ የተባለውን ኢኤዲኤስን ፈጠሩ።

በዚህ ሰንሰለት ቢኤኢ የሁለቱም የሚሳኤል ሽርክናዎች ባለግማሽ ሆኖ ተገኘ። ኢኤዲኤስ የማትራን ግማሽ ወረሰ፤ በላዩም የኤሮስፓሲያልን ሚሳኤሎች አመጣ። ፊንሜካኒካ የአሌኒያ ማርኮኒን ግማሽ ይዟል። ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ የቀረ የመጨረሻ እርምጃ ነበርና በታኅሣሥ 2001 ተፈጸመ። የኩባንያው ስም ከማትራ፣ ከቢኤኢ ዳይናሚክስና ከአሌኒያ የመጀመሪያ ፊደላት የተሰካካ ነው። የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ በኋላ በኤርባስ ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ፋብሪስ ብሬዢዬ ነበሩ።

ጀርመን በመሥራችነት አልነበረችም። ኢኤዲኤስ ይቆጣጠረው የነበረው የጀርመን ሚሳኤል አምራች ኤልኤፍኬ ወደ ኤምቢዲኤ የተጠቃለለው በ2006 ነው። ኢኤዲኤስ በአንድ እጁ ሸጦ በሌላው እጁ በከፊል የገዛበት ይህ ግብይት የሦስቱን ባለቤቶች ድርሻ አልለወጠም። ዛሬ የጀርመኑ ቅርንጫፍ መቀመጫውን በባየርን ግዛት በሽሮቤንሃውዘን አድርጓል።

ከባለአክሲዮኖቹ ጀርባ ያሉ መንግሥታት

ሊዮናርዶ ያለው ድርሻ ከሌሎቹ ያነሰ ቢሆንም በኩባንያው አስተዳደር ሦስቱም እኩል መብት እንዲኖራቸው ተስማምተዋል። የሩብ ባለቤት የሆነውን ወገን በድምፅ ብልጫ መርታት አይቻልም ማለት ነው። ጣሊያን ያለዚህ ዋስትና ትገባ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ባለቤቶቹም ቢሆኑ እንደማንኛውም ነጋዴ ነፃ አይደሉም። ከሊዮናርዶ አክሲዮን 30 በመቶ ገደማው የጣሊያን ኢኮኖሚ ሚኒስቴር ነው። በኤርባስ ውስጥ የፈረንሳይና የጀርመን መንግሥታት እያንዳንዳቸው 11 በመቶ ያህል፣ የስፔን መንግሥት ደግሞ 4 በመቶ ያህል አላቸው። የብሪታንያ መንግሥት በቢኤኢ ውስጥ የካፒታል ድርሻ ሳይኖረው አንዲት ልዩ አክሲዮን ይዟል። በእሷም ምክንያት ዋና ሥራ አስፈጻሚው የብሪታንያ ዜጋ መሆን አለበት፤ አንድ የውጭ ባለሀብትም ከ15 በመቶ በላይ ሊይዝ አይችልም። አንዲት አክሲዮን ከብዙ ሚሊዮን አክሲዮኖች የበለጠ ክብደት ያላት በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ነው።

ሦስቱ ባለቤቶች በሌላ መድረክም አብረው ይሠራሉ፤ የዩሮፋይተር ተዋጊ ጀት ኩባንያ ባለድርሻዎች እነሱው ናቸው። ኤምቢዲኤ ግን የዩሮፋይተር ተቀናቃኝ የሆነውን፣ የፈረንሳዩ ዳሶ የሚሠራውን ራፋል ጀትም ያስታጥቃል። ሚቲዮር የተባለው ከአየር ወደ አየር የሚተኮስ ሚሳኤል በሁለቱም ላይ ይጫናል፤ አገልግሎት ላይ መጀመሪያ የዋለው ግን በ2016 በስዊድኑ ግሪፐን ጀት ነበር። ሻጮቹ በአውሮፕላን ገበያ ሲፎካከሩ የማንኛውም አሸናፊነት ለኤምቢዲኤ ገቢ ያስገኛል።

ከውሕደቱ የተወረሱ ነገሮችም አሉ። በፎክላንድ ጦርነት፣ በግንቦት 1982 መጀመሪያ፣ ከአርጀንቲና አውሮፕላን የተተኮሰ ኤግዞሴ የተባለ የፈረንሳይ ጸረ መርከብ ሚሳኤል ኤችኤምኤስ ሼፊልድ የተባለችውን የብሪታንያ የጦር መርከብ መትቶ 20 መርከበኞች ሞቱ፤ መርከቧም ከቀናት በኋላ ሰጠመች። አምራቹ ኤሮስፓሲያል ነበር። ዛሬ ኤግዞሴን የሚያመርተው ኤምቢዲኤ ስለሆነ፣ የብሪታንያ ትልቁ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ከዚህ ሚሳኤል ትርፍ ከሲሶ በላይ ይካፈላል።

ከዚህ የከበደው ግን የኑክሌር ጉዳይ ነው። ፈረንሳይ ከአውሮፕላን የምትተኩሰው የኑክሌር ሚሳኤል ኤኤስኤምፒ-ኤ የኤምቢዲኤ ሥራ ነው። በ2005 መጨረሻ የኖርዌይ መንግሥት የጡረታ ፈንድ ቢኤኢንና ፊንሜካኒካን ገንዘብ ከሚያፈስባቸው ኩባንያዎች ዝርዝር ያስወጣው በዚሁ ምክንያት ነበር። ሚሳኤሉን የሚሠራው የፈረንሳዩ ቅርንጫፍ፣ የሚያዝበትም የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ብቻ ሆኖ ሳለ የፈንዱ የሥነ ምግባር ምክር ቤት ኃላፊነቱን በድርሻ መስመር ተከትሎ ለንደንና ሮም ድረስ ወሰደው። በእኔ እይታ በድርሻና በሥልጣን መካከል ያለው ርቀት ከዚህ ይበልጥ ጎልቶ የታየበት አጋጣሚ የለም።

ሽርክናዎቹ

ኤምቢዲኤ ራሱ ሽርክና ሆኖ ሳለ የሌሎች ብዙ ሽርክናዎች ወላጅ ነው። አንጋፋው ዩሮሳም ነው። በ1989 ኤሮስፓሲያል፣ የጣሊያኑ አሌኒያና የፈረንሳዩ ቶምሰን-ሲኤስኤፍ በእኩል ሲሶ መሠረቱት። ሁለቱ ሲሶዎች ከጊዜ በኋላ በኤምቢዲኤ እጅ ሲጠቃለሉ፣ ሦስተኛው ቶምሰንን ለተካው ለታሌስ ቀረ። ዩሮሳም አስተር የተባለውን የአየር መከላከያ ሚሳኤልና በየብስ የሚተከለውን ሳምፕ-ቲ ሥርዓት ያቀርባል። ታሌስ ራዳሩንና ኤሌክትሮኒክሱን፣ ኤምቢዲኤ ሚሳኤሉን ይሠራሉ። በታኅሣሥ 2023 የፈረንሳይና የብሪታንያ የጦር መርከቦች ቀይ ባሕር ላይ ከየመን የተላኩ ድሮኖችን የመቱት በአስተር ነበር።

ለሮኬት ሞተር በ2003 ሮክሴል ተቋቋመ፤ የፈረንሳይንና የብሪታንያን የጠጣር ነዳጅ ሞተር አምራቾች አንድ ያደረገ ኩባንያ ነው። የሚቲዮር ሞተር ግን የሚሠራው በጀርመን፣ ባየርን ኬሚ በተባለው የኤምቢዲኤ ቅርንጫፍ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ስለ ሽያጭ ፈቃድ ስንናገር ይመጣል።

በጀርመን በኩል ያለው መረብ ከሁሉም የተወሳሰበ ነው። ታውረስ ሲስተምስ 67 በመቶው የኤምቢዲኤ ጀርመን፣ 33 በመቶው የስዊድኑ ሳብ ነው። የሚያመርተው ታውረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ክሩዝ ሚሳኤል ሲሆን ጀርመን፣ ስፔንና ደቡብ ኮሪያ ገዝተውታል። ኮምሎግ ደግሞ በኤምቢዲኤ ጀርመንና በአሜሪካው ሬይቲዮን መካከል እኩል የተከፈለ ነው። ከ1987 ጀምሮ የአውሮፓ ጦሮች የያዟቸውን ፓትሪዮት የተባሉ የአሜሪካ የአየር መከላከያ ሚሳኤሎች ሲጠግንና ሲያድስ ኖሯል። በጥር 2024 የኔቶ የድጋፍና ግዢ ኤጀንሲ እስከ 1,000 የሚደርሱ የፓትሪዮት ሚሳኤሎች በዚሁ ኩባንያ በኩል እንዲመረቱ ውል ፈረመ። ፈላጊዎቹ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ሩማኒያና ስፔን ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ሳምፕ-ቲ የፓትሪዮት ዋነኛ አውሮፓዊ ተፎካካሪ ነው። በጥቅምት 2022 ጀርመን የአውሮፓ የአየር ጋሻ የተባለውን የጋራ ግዢ ዕቅድ ይፋ ስታደርግ ከተመረጡት መሣሪያዎች ውስጥ ፓትሪዮት ሲኖር ሳምፕ-ቲ አልነበረም። ፈረንሳይ ቅር ተሰኝታ ከዕቅዱ ውጭ ሆና ቀረች። ኤምቢዲኤ ግን በሁለቱም ወገን ነበር፤ በፓሪስና በሮም ቅርንጫፎቹ የተሸነፈውን ይሠራል፣ በሽሮቤንሃውዘን በኩል የአሸናፊው ሸሪክ ነው። ይህን ብልጠት የሚሉ አሉ። እኔ ከብልጠት ይልቅ የአውሮፓ መንግሥታት አለመስማማት በኩባንያው መዋቅር ላይ የተወው አሻራ ይመስለኛል።

ያልሰመሩም አሉ። ሚድስ የተባለው የአየር መከላከያ ፕሮጀክት ፓትሪዮትን እንዲተካ ታስቦ ከአሜሪካው ሎክሂድ ማርቲን ጋር በአንድ የጋራ ኩባንያ ሥር ሲካሄድ ቆይቷል። አሜሪካ በ2011 እንደማትገዛው ስታስታውቅ ገበያው ተመታ፤ ጀርመንም ወደ ኋላ ላይ ተወችው።

ከአውሮፓ ውጭ የታወቀው ሽርክና የህንዱ ነው። በ2017 ከላርሰን ኤንድ ቱብሮ ጋር የተቋቋመው ኩባንያ 51 በመቶው የህንዱ፣ 49 በመቶው የኤምቢዲኤ ነው። መጠኑን የወሰነው በዘመኑ የነበረው የህንድ ሕግ ነው፤ የውጭ ባለሀብት በመከላከያ ዘርፍ ያለ ልዩ ፈቃድ ከ49 በመቶ በላይ እንዳይዝ ይከለክል ነበር።

የሽያጭ ፈቃድ፣ ሌላው ባለቤትነት

ስቶርም ሻዶው በብሪታንያ፣ ስካልፕ በፈረንሳይ የሚባለው ክሩዝ ሚሳኤል በመሠረቱ አንድ መሣሪያ ነው። ብሪታንያ በግንቦት 2023፣ ፈረንሳይም በዚያው ክረምት ለዩክሬን ሰጡት። ከዚሁ ቤት የሚወጣውን ታውረስን ግን የያኔው የጀርመን መራሔ መንግሥት ኦላፍ ሾልዝ ደጋግመው ተጠይቀው አልሰጡም። የኩባንያው ቦርድ በሁለቱም ውሳኔዎች ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ክልከላው አንዳንድ ጊዜ ከጎረቤት ይመጣል። ጋዜጠኛው ጀማል ኻሾግጂ በጥቅምት 2018 ከተገደለ በኋላ ጀርመን ለሳውዲ አረቢያ የጦር መሣሪያ ሽያጭ አቆመች። እገዳው የጀርመን ክፍል ያለበትን የጋራ መሣሪያ ሁሉ ስለሚነካ ብሪታንያ ለበርሊን ቅሬታዋን አሰማች፤ የሚቲዮር ሞተር የት እንደሚሠራ ያስታወሰ ሰው ምክንያቱን ይረዳል። ፈረንሳይና ጀርመን በ2019 በደረሱበት ስምምነት የአንዱ አገር ክፍሎች ከጠቅላላው ዋጋ ከ20 በመቶ በታች ከሆኑ የሌላውን ሽያጭ በመርሕ ደረጃ ላለመቃወም ተስማሙ።

አሜሪካም በኤምቢዲኤ ውስጥ አንድ አክሲዮን ሳይኖራት የመከልከል ሥልጣን አላት። በ2018 ግብፅ ለራፋል ጀቶቿ ስካልፕን ስትፈልግ ዋሽንግተን በሚሳኤሉ ውስጥ ላለ አንድ የአሜሪካ ክፍል ፈቃድ ሳትሰጥ ቀረች። የፈረንሳይ መከላከያ ሚኒስትር ፍሎራንስ ፓርሊ ጉዳዩን ለፓርላማ አስረድተው፣ ኩባንያው ተመሳሳይ ክፍል ራሱ እንዲያዘጋጅ የሚያስችል ጥናት እንደሚያስፈልግ ተናግረዋል።

የኋለኞቹ ዓመታት

በጥቅምት 2012 ቢኤኢና ኢኤዲኤስ ለመዋሐድ ያደረጉት ድርድር በተለይ በበርሊን ተቃውሞ ፈረሰ። ቢሳካ ኖሮ ከኤምቢዲኤ 75 በመቶው በአንድ ኩባንያ እጅ ይገባ ነበር።

ከ2022 ወዲህ የዩክሬን ጦርነት የኩባንያውን መጠን ለውጦታል። በ2024 ሽያጩ 4.9 ቢሊዮን ዩሮ ሲሆን በዚያው ዓመት የተቀበለው አዲስ ትዕዛዝ 13.8 ቢሊዮን ደረሰ። በዓመቱ መጨረሻ ገና ያላስረከበው ትዕዛዝ 37 ቢሊዮን ዩሮ ነበር፤ በዚያ ዓመት ፍጥነት ቢያመርት ከሰባት ዓመት በላይ የሚወስድ ሥራ ነው።

ቀጣዩ ትውልድም በአሮጌው መስመር እየተከፈለ ነው። ስቶርም ሻዶውንና ኤግዞሴን የሚተኩ ሚሳኤሎችን ብሪታንያና ፈረንሳይ በ2017 በጋራ ማጥናት ሲጀምሩ ጣሊያን በ2023 ተቀላቀለች። ጀርመን ከዚህ ውጭ ሆና ታውረስ ኒዮ የተባለውን የታውረስን አዲስ ዓይነት መርጣለች።