ነብር በአዳኝ ዐይንና በጸሐፊ መዝገብ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በአገራችን ሰው በሰው ላይ ሲዝት «ነብር አየኝ በል» ይላል። አነጋገሩ «ነብር አየሁ በል» አለማለቱን ልብ ይሏል፤ ሰው ነብርን ከማየቱ አስቀድሞ ነብር ሰውን ያየዋልና። ዛሬ ስለዚህ አውሬ ጠባይና ስለ አደኑ የምናቀርብላችሁ ታሪክም ከዚህ ቃል አይርቅም። ነብርን ጠመንጃ የያዘው አዳኝም ሆነ ብዕር የያዘው ጸሐፊ አጥርቶ ሳያየው ብዙ ጊዜ ፈርዶበታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

«ሳፋሪ» ከዐረብኛ የመጣ የስዋሂሊ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጉዞ ማለት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን ባለጸጎች በምሥራቅ አፍሪካ ለሚያደርጉት አደን መጠሪያ ሆነ። ከነዚህ ጉዞዎች በዝና የላቀው፥ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከልጃቸው ከከርሚት ጋር በ1909 ከሞምባሳ ተነሥተው ያደረጉት ነው። አባትና ልጅ በጠቅላላው 512 እንስሳት መግደላቸውን ራሳቸው ሩዝቬልት መዝግበውታል። በዚሁ መዝገብ አባትየው 9 አንበሶች እንደ ገደሉ ተጽፎ ሳለ፥ በነብር ረድፍ ግን በስማቸው የተጻፈ ቁጥር የለም፤ የተገኙት 3 ነብሮች የልጅየው ናቸው።

አንበሳና ነብር ምንም እንኳ ከአንድ ወገን ቢሆኑ አኗኗራቸው እጅግ ይለያያል። አንበሳ በመንጋ ይኖራል፤ ሲያገሣ ከሩቅ ይሰማል፤ ቀን በሜዳ ላይ በዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሞ ይገኛል። አቦሸማኔም በቀን ብርሃን በዐይኑ መርጦ በሩጫ ያድናል። ነብር ግን ብቻውን ይኖራል፤ ቀን በቁጥቋጦና በገደል ይሸሸጋል፤ በጨለማም ተነሥቶ እየተሳበ ይቀርብና ከጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ዘሎ ይይዛል። የገደለውንም ጅብና አንበሳ እንዳይነጥቁት እየጎተተ ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል፤ የራሱን ክብደት የሚያህል እንስሳ በጥርሱ ነክሶ ግንድ ለመውጣት የሚያስችል ኃይል አለው።

እንዲህ ያለውን አውሬ በሜዳ አሳዶ መግደል የሚቻል ስላልሆነ፥ የሳፋሪ አዳኞች የነብሩን ልማድ በራሱ በነብሩ ላይ አዋሉት። የከርከሮ ወይም የሚዳቋ ሬሳ ጅብ በማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ያስራሉ፤ ከዛፉ ፊት ለፊት የቅጠል ዳስ ይሠራሉ፤ ከዚያም ሳይነጋገሩ፥ ሳያስሉ፥ ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጣሉ። ነብሩ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ጠልቃ የቀን ብርሃን ሊያልቅ ሲል ነው። ለተኳሹ የሚቀርለት ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ በዚያችው አፍታ አልሞ መተኮስ ብቻ ሳይሆን፥ በቅርንጫፉ ላይ የቆመው ወንድ ወይስ ሴት መሆኑን መለየት ይጠበቅበታል።

ጥይቱ ነብሩን ሳይገድል ካቆሰለው ደግሞ ሌላ ፈተና ይጀመራል። የቆሰለ አንበሳ ብዙ ጊዜ ከመነሣቱ በፊት በማጉረምረም ያስታውቃል። የቆሰለ ነብር ግን ሰው እስኪደርስበት ድረስ በሣር ውስጥ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይሁንና አቁስሎ መሄድ በአዳኞች ዘንድ ነውር ነው፤ ያቆሰለ ተከትሎ መጨረስ አለበት። የእኛም አባቶች «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» ማለታቸው ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ለሙዚየም እንስሳትን ያዘጋጅ የነበረው አሜሪካዊው ካርል ኤክሊ በ1896 በሶማሌ ምድር ያጋጠመው ይህንኑ ያስረዳል። ሲመሽ በቁጥቋጦ ውስጥ አጥርቶ ሳያይ ተኮሰ፤ የቆሰለችውም ነብር ዘላ ክንዱን ነከሰችው። ጠመንጃው ከእጁ ስለ ወደቀ በባዶ እጁ ታገላት፤ በጉልበቱ ደረቷን ተጭኖ ገደላት። ይኸው ሰው በኋለኛው ዕድሜው በኮንጎ ጎሪላዎች የሚጠበቁበት ክልል እንዲቋቋም የቤልጅግን ንጉሥ ከወተወቱት አንዱ ሆነ፤ ክልሉም በ1925 ተመሠረተ።

አሁን ደግሞ ከዳሱ ወጥተን ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንግባ። በግንቦት ወር 1900 በአፍሪካ ቅኝ ግዛት የነበራቸው የአውሮፓ መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ፈረሙ። በዚያ ስምምነት አምስተኛ ሠንጠረዥ ነብር ከአንበሳ፥ ከጅብ፥ ከአዞና ከመርዛም እባብ ጋር ጎጂና ቁጥሩ እንዲቀነስ የሚፈለግ ተብሎ ተመዘገበ። ሁሉም ፈራሚዎች ስላላጸደቁት ስምምነቱ በሥራ ላይ አልዋለም፤ ነብርን እንደ ጎጂ የመቁጠሩ ሐሳብ ግን በብዙ ቅኝ ግዛቶች ደንብ ውስጥ ቆየ።

በ1960ዎቹ ዓመታት የነብር ቆዳ ካፖርት በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ትልቅ ፋሽን ሆነ። በ1968 እና በ1969 ብቻ ከ17 ሺህ የሚበልጥ የነብር ቆዳ ወደ አሜሪካ ገብቷል። ፈቃድ ያለው የሳፋሪ አዳኝ ለአንድ ነብር ብዙ ቀን ይደክማል፤ የቆዳ ነጋዴ ግን ወጥመድና መርዝ በሚያሰናዱ ብዙ እጆች ይሠራል። ስለዚህ መጋቢት 3 ቀን 1973 በዋሽንግተን ሌላ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1975ም በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ስምምነት ነብር ንግዱ እጅግ ጥብቅ በሆነበት በአንደኛው ሠንጠረዥ ገባ። ኬንያም በ1977 የሳፋሪን አደን ጨርሳ ከለከለች። እንግዲህ ነብር በ73 ዓመት ውስጥ ከሚጠፉት ረድፍ ወደሚጠበቁት ረድፍ ተዛወረ፤ ዝንጉርጉርነቱ ግን ያው ነበር። የተለወጠው የሰው ሐሳብ ነው።

በ1983 የስምምነቱ አባሎች ጋቦሮኔ ላይ ተሰብስበው ለአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች በዓመት የተወሰነ ቁጥር ያለው የነብር ቆዳ ለግል ይዞታ እንዲወጣ ፈቀዱ። ቁጥር ሲወሰን ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁጥሩ እውነቱን ሁልጊዜ አይናገርም። ለምሳሌ በታንዛንያ እንዲገደል የሚፈቀደው ወንዱ ብቻ ሆኖ ሳለ፥ በአዳኞች ከተገደሉ ነብሮች የተወሰደ ናሙና በላቦራቶሪ ሲመረመር ከሩብ የሚበልጡት ሴቶች ሆነው መገኘታቸው በ2000 ታትሟል። ከዚህም በላይ፥ አንድ ወንድ ነብር ሲገደል በቦታው የሚተካው ሌላ ወንድ የፊተኛውን ግልገሎች የሚገድልበት ጊዜ አለ፤ የአንበሳም ልማድ እንዲሁ ነው። ስለዚህ በመዝገብ ላይ «አንድ» ተብሎ የተጻፈው በዱር ውስጥ ሦስትና አራት ሊሆን ይችላል።

ይህ ነገር ከኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን የነብር ለምድ የጀግናና የመኳንንት የክብር ልብስ ነበር፤ ኢትዮጵያም ከላይ ወደ ጠቀስነው የዋሽንግተን ስምምነት በ1989 ገብታለች። የነብር ዕድል በአዳኙ ጥይት ብቻ ሳይሆን በቢሮ ሠራተኛው ብዕርም ይወሰናል። ፈቃድ የሚሰጥ፥ ቆዳ የሚመዘግብ፥ በጉምሩክ ዕቃ የሚፈትሽ ሠራተኛ አውሬውን በዐይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ሆኖም «ወንድ» ተብሎ በቀረበለት ቅጽ ላይ ከመፈረሙ በፊት ማን አየው፥ በምን ተረጋገጠ ብሎ ቢጠይቅ፥ በመሸ ሰዓት ለሚተኩሰው ሰው የጎደለውን ብርሃን እርሱ ይሰጠዋል። አዳኙ የቀረችው አንዲት አፍታ ናት፤ ባለ መዝገቡ ግን ለመጠየቅ ሙሉ ቀን አለው።