የፍሬኔ ክፍል

የፍሬኔ ክፍል ፈረንሳዊው መምህር ሴሌስታን ፍሬኔ (1896–1966) ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያዳበረው የትምህርት አሠራር ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ አሠራር ተማሪዎች የክፍሉን ሥራ፣ ገንዘብና ደንብ ከመምህራቸው ጋር ሆነው ያስተዳድራሉ። መምህርና ተማሪ ይቀራረቡ ብለው የመከሩ ከእሱ በፊትም ነበሩ። ፍሬኔ የሚለየው መቀራረቡን ለመምህሩ ደግነት ብቻ ባለመተዉ ነው፤ ማተሚያ፣ ደብዳቤ፣ የግድግዳ ጋዜጣና ሳምንታዊ ስብሰባ ወደ ክፍል አስገብቶ ግንኙነቱን በእነዚህ ላይ አቆመው።

ፍሬኔ በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ተራሮች መካከል ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1917 ሳንባው ላይ ቆሰለ። በ1920 በባር-ሱር-ሉ መንደር ሲመደብ ትንፋሹ ስለሚያጥረው ረጅም ሰዓት ቆሞ ማስረዳት ይቸግረው ነበር፤ አዲስ መንገድ እንዲፈልግ ያስገደደውም ይኸው መሆኑን ተናግሯል። ይሁን እንጂ ትንፋሹ ያጠረው መምህር ሁሉ ማተሚያ አይገዛም። ፍሬኔ የገጠር ልጆች ከክፍል ውጭ ያላቸውን ንቃት በር ላይ ጥለውት እንደሚገቡ ያየ፣ በፖለቲካም ወደ ግራ ያዘነበለ ሰው ነበር።

ዘዴውን ተከትሎ በተነሣው የመምህራን እንቅስቃሴ ታሪክ ደጋግሞ የሚወሳው የቀንድ አውጣ ውድድር ነው። ልጆቹ ቀንድ አውጣ ይዘው መጥተው ያሽቀዳድማሉ፤ መምህሩም ከመቆጣት ይልቅ ያዩትን እንዲጽፉ ያደርጋቸዋል። ነጻ ጽሑፍ የተባለው ዘዴ መነሻው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ተማሪው የፈለገውን ይጽፋል፣ ለክፍሉ ያነባል፣ ከተነበቡትም አንዱ በድምፅ ብልጫ ይመረጣል። የተመረጠው በሰሌዳ ላይ ተጽፎ በጋራ ይታረማል፤ ከዚያም ልጆቹ ተከፋፍለው የእርሳስ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይደረድሩና ቀለም ቀብተው ያትሙታል። ሰዋስውና የፊደል አጻጻፍ የሚጠናው እዚያው ነው፤ ገጹ ለሌላ ሰው የሚደርስ ስለሆነ ስሕተት ማረም የመምህሩ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። የታተሙት ገጾች ተጠርዘው የክፍሉ መጽሐፍ ይሆናሉ።

አንባቢ ደግሞ ተገኘ። በ1920ዎቹ አጋማሽ የባር-ሱር-ሉ ልጆች በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በብሪታኒ ባሕር ዳርቻ ትሬገንክ ከሚገኘው ከመምህር ሬኔ ዳንየል ክፍል ጋር የታተሙ ጽሑፎችን መለዋወጥ ጀመሩ። በብርቱካን ዛፍ ሥር ያደገው ልጅ ለዓሣ አጥማጅ ልጅ ስለ ቀዬው ሲጽፍ፣ ቀዬውን አዲስ አድርጎ ለማየት ተገደደ።

ክፍሉ እንደ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። በግድግዳ ላይ በየሳምንቱ የሚሰቀለው ወረቀት ለነቀፋ፣ ለምስጋና፣ ለጥያቄና ለተሠራ ሥራ የተለዩ ዓምዶች ሲኖሩት፣ የሚጽፍበት ሁሉ ስሙን ይፈርማል። በሳምንቱ መጨረሻ ስብሰባው ያነበዋል፣ የተነቀፈውም መልስ ይሰጣል፤ መምህሩም ቢሆን። የረባሽ ስም ጽፎ ለመምህሩ የሚያቀብለውን የክፍል አለቃ ለሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱ ግልጽ ነው። እዚህ ከሳሽ ከነስሙ ይታያል፣ ሊቀመንበሩንም የሚመርጡት ልጆቹ ናቸው።

ብዙ ጊዜ ቸል የሚባለው ክፍል የሥራ ዕቅዱ ነው። ተማሪው የሳምንቱን ሥራ አስቀድሞ ይመዘግባል፣ የሒሳብና የሰዋስው መልመጃውን መልሱ ከተጻፈበት ካርድ ጋር አስተያይቶ ራሱ ያርማል። መምህሩ ከመድረኩ ወርዶ ከአንድ ልጅ አጠገብ ለመቀመጥ ጊዜ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያለዚህ ስለ ቅርርብ የሚባለው ሁሉ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ምኞት ሆኖ ይቀራል።

ፍሬኔ በ1928 ወደ ሴን-ፖል ተዛወረ። በ1932 መጨረሻ አንድ ልጅ ከንቲባውን ሲገድል ያየበትን ሕልም የጻፈበትና ክፍሉ ያተመው ጽሑፍ በተቃዋሚዎቹ እጅ ገብቶ በከተማው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ቀኝ ክንፍ ጋዜጦች ዘመቱበት፣ ጉዳዩም ከአካባቢው አልፎ አገር አቀፍ ሆነ፣ በ1933 ከቦታው ተነሣ። ለልጅ የማተም ነጻነት መስጠት ለመምህሩ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳየ ጠብ ነበር። ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጥቶ ከባለቤቱ ከኤሊዝ ጋር በቫንስ የራሱን ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የተሰደዱ ልጆች እዚያ ተጠልለዋል። በ1940 ታስሮ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 የዘመናዊ ትምህርት ቤት ኅብረት ሥራ ተቋም ተመሠረተ፣ በ1957 ደግሞ የእንቅስቃሴው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን። የቫንሱን ትምህርት ቤት መንግሥት በ1991 ገዝቶታል።

ጽኑው ትችት የመጣው ከእንቅስቃሴው ውስጥ ነው። በፓሪስ ዙሪያ በትልልቅ የከተማ ትምህርት ቤቶች ያስተማረው ፌርናን ኡሪ፣ ለአነስተኛ የገጠር ክፍል የተሠራው ዘዴ እንዳለ አይሠራም ብሎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተለየ። ከአይዳ ቫስኬዝ ጋር በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ሥነ ልቦናን ጨመረበት፣ ከጁዶ የወሰደውን የቀበቶ ቀለም ደረጃ አስገባ። ልጁ በደረጃው ልክ መብትና ኃላፊነት ያገኛል፤ በንባብ ከፍ ያለው በጠባይ ዝቅ ሊል ይችላል። ስብሰባው ደካማ ልጅ የሚወቀስበት ችሎት እንዳይሆን ማን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚናገርና ምን እንደማይነሣ በደንብ መወሰን አለበት። የአገር ሕግ፣ የልጆች ደኅንነትና የመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ለድምፅ አይቀርቡም፤ እነሱን በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የመምህሩ ነው፣ ልጆቹም ይህን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ እንዲያውቁት ይደረጋል።