ስልኩ ከሶሻሊዝም በፊት ደወለ

መንግሥት ዳቦ ሲደጉም፣ አውቶቡስ ሲያሰማራ ወይም ለተቸገረ እህል ሲሰፍር “ሶሻሊዝም ተመለሰ እንዴ?” የሚል አይጠፋም። ስኳርና ሳሙና በኩፖን እየጠበቀ በኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ያደገ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። የአገራችን የታሪክ ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነገር ይነግረናል።

ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታን ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው። 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመርም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ሌኒን ሥልጣን እስኪይዝ ገና ከ20 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። በምኒልክ ስም የሚጠራው ትምህርት ቤትም በ1901 ዓ.ም. ተከፈተ። ቤተ መንግሥቱ የዘመኑን አገልግሎት ያስገባው ሌላ የሚያስገባው ስላልነበረ ነው፤ የርዕዮተ ዓለም ጉዳይ አልነበረም።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ የባንኩ ታሪክ ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአቢሲኒያ ባንክ የሚያስተዳድረው የግብጽ ብሔራዊ ባንክ ነበር፤ የ50 ዓመት ብቸኛ መብትም ተሰጥቶታል። ግማሹን ዘመን እንደጨረሰ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘጉት፤ ለባለአክሲዮኖቹ ካሳ ከፈሉ፤ በምትኩም የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋሙ። አንድ ንጉሠ ነገሥት የውጭ ባንክ ወደ አገር እጅ አስገቡ ማለት ነው። ከዚያም በ1938 የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በ1948 መብራት ኃይል ተከተሉ። የመንግሥት ሠራተኛውም በአዋጅ ቁጥር 209/1955 የጡረታ መብቱ ተደነገገለት። ይህን ሁሉ የሠራውን ዘውድ ሶሻሊስት ያለው ሰው አልሰማሁም። እንዲያውም ተማሪው “መሬት ለአራሹ” እያለ የተሰለፈበት መንግሥት ነው።

ጡረታን ካነሳን ወደ ጀርመን ጎራ ማለት ግድ ነው። የዚያች አገር ቻንስለር ቢስማርክ ሶሻሊስቶችን በዓይኑ ማየት አይወድም ነበር። በጀርመን ንጉሠ ነገሥት ላይ ሁለት ጊዜ የግድያ ሙከራ በተደረገበት በ1878 (እ.ኤ.አ.) ማኅበሮቻቸውንና ጋዜጦቻቸውን የሚያግድ ሕግ አወጣ። ዱላው ብቻውን እንደማይበቃ ግን ያውቃል። በ1883 የሠራተኛ የሕመም መድን፣ በ1884 የሥራ ላይ አደጋ መድን፣ በ1889 ደግሞ ከ70 ዓመት ጀምሮ የሚከፈል ጡረታ አቆመ። ከሕመም መድኑ መዋጮ ሁለት ሦስተኛውን የሚከፍለው ሠራተኛው ራሱ ነው፤ የእኛ ሰው ቢያየው እድር ነው ይለው ነበር። ዓላማው የታወቀ ነው፤ ሠራተኛው ፓርቲውን ትቶ መንግሥትን ተስፋ እንዲያደርግ። ስሌቱ አልሠራለትም። በ1890 ምርጫ ሶሻሊስቶቹ ከሁሉም ፓርቲ የበለጠ ድምፅ አገኙ፤ ቢስማርክ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረደ። መድኑና ጡረታው ግን ቆዩ።

ታዲያ በአገራችን በ1967 ዓ.ም. ምን ተለወጠ? ፖስታው፣ ስልኩ፣ አውሮፕላኑ ቀድሞም የመንግሥት ነበሩ። ደርግ ታኅሣሥ 11 ቀን ኅብረተሰባዊነትን አወጀ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን ወረሰ። ጥር ላይ 72 ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ተወሰዱ፤ በሌሎች 29 ደግሞ መንግሥት አብላጫውን ድርሻ ያዘ። የካቲት 25 የገጠር መሬት ያለ ካሳ የሕዝብ ሆነ፤ ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውን ቤት ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ኪራይ ቤቶች ተረከበ። መስመሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥያቄው መንግሥት ምን ያቀርባል ሳይሆን ማን ምን እንዳይኖረው ተከለከለ የሚለው ነው። በ1923 ባንኩ ተገዛ፤ በ1967 ግን ባንክ የግል መሆኑ ራሱ ቀረ። (የመሬት አዋጁን በእልልታ የተቀበለው ገባር መብዛቱንም አልዘነጋም፤ ለእርሱ ጉዳዩ የርዕዮተ ዓለም ሳይሆን የእርሻው ነበር።)

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔትም በዚሁ ሚዛን ይታይ። የምግብ ዋስትና የሌለው ገበሬ በሕዝብ ሥራ እየተሳተፈ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። ከዋነኞቹ ገንዘብ ሰጪዎች አንዱ የዓለም ባንክ ነው፤ እርሱን ደግሞ በሶሻሊዝም የሚያማው የለም።

ከ1967ቱ ቅርስ የቀረውን ማየት የሚሻ ሰው ስለዚህ አውቶቡሱንና ዳቦ ቤቱን ይለፍና የይዞታ ማረጋገጫውን አውጥቶ ያንብብ። ደርግ ከወደቀ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ የጸደቀው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 40፣ መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም።